ሁለት ቀዳዳ ለልጄ መቀመጫ

ባለቤቴ ከማረፏ በፊት ለልጃችን የመኪና መቀመጫ ገዝታ ነበር። መቀመጫው ከኋላው ሁለት መንጠቆ አለው፤ መኪናዬ ውስጥ ግን መንጠቆዎቹን የሚይዝ ነገር አጣሁ። ያለሱ ልጄን ይዤ መንዳት ፈራሁ።

እየፈራሁም ቢሆን ልጄን ይዤ፣ ቀስ ብዬ እየነዳሁ ልደታ ወደሚገኘው ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ጋሽ ታዬ መሰርሰሪያቸውን አነሱ።

"ወለሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ! ማን ያየዋል?"

"ኧረ ጋሼ፣ መኪናዋ በሊዝ የተከራየኋት ናት! ከተበሳች ዋስትናዋ ይሰረዛል፤ ስመልሳትም አይቀበሉኝም።"

"እንግዲያው ልጅቷን በገመድ እሰራት!"

ሲጨንቀኝ ለሊዝ ድርጅቱ ደወልኩ። አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ ጋራዡ ድረስ መጣች። የኋላውን ወንበር ዳሰስ አደረገችና "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ከፋብሪካ ለብሶት የመጣው ፕላስቲክ ነዋ። አዲስ እንደሆነ ልመልስላችሁ ብዬ አልነካሁትም።"

ሳቋ አመለጣት። ፕላስቲኩን በቁልፏ ቀደደችው። እጇን መደገፊያውና መቀመጫው የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ከታ ሁለት የብረት ቀለበቶች አሳየችኝ።

"ፋብሪካው ለልጅ መቀመጫ ብሎ የሠራቸው ናቸው። ፕላስቲኩ ሸፍኗቸው ነው።"

መንጠቆዎቹ ቀጭ ብለው ገቡ። ልጄ እላዩ ላይ ወጥታ ማጨብጨብ ጀመረች።

ጋሽ ታዬን ላሳያቸው ዞር ስል የሉም። ለካስ ግቢው ጥግ፣ የራሳቸው አሮጌ መኪና ውስጥ ገብተው የወንበሩን ፕላስቲክ እየቀደዱ ነው።