የቆርኪ ሒሳብ

ትናንት ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ አንዲት ባልደረባዬ ለአንደኛ ክፍል መቁጠሪያ እንዲሆን ከየሆቴሉ የለመነችውን ቆርኪ ከፌስታል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። የደረቀ የቢራ ሽታ ሲመታኝ ፊቴ ጋለ።

ልጅ ሆኜ እዚሁ ዲላ አጠገብ ጪጩ ስንማር፣ መምህርታችን መደመር ልታስጀምረን "ጠጠርም ቆርኪም፣ ያገኛችሁትን አምጡ" አለችን። ሌሎቹ ጠጠር ለቀሙ። እኔ ከአባቴ አልጋ ስር አንድ ፌስታል ሙሉ የቢራ ቆርኪ አገኘሁና እየሮጥኩ ወሰድኩት። ደጅ ቢጥለው ጎረቤት ያየዋል ብሎ ፈርቶ የደበቀው መሆኑን ያኔ የት አውቄ!

"ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" አለችኝ መምህርቷ።

"ከአባዬ አልጋ ስር!"

"አባቷ እኮ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው!" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አባቴ በየእሑዱ ሰውን ስለ መጠጥ የሚገሥጽ ነበር።

"ዝም በሉ! ቆርኪ ቆርኪ ነው፤ ቁጠሩ" አለች መምህርቷ። እሷም ግን ዓይኔን ማየት ፈራች።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። አባቴ ከተሰጣው ቡና አጠገብ ተቀምጦ ፍሬውን በእጁ ያገላብጣል። ይቆጣኛል ብዬ ቆምኩ።

"መደመር ቻልሽ?" አለኝ ቀና ሳይል።

"አዎ፣ አባዬ።"

"ጎበዝ። በርቺ።"

የዚያን ሳምንት እሑድ እኔና እናቴ ብቻችንን ቸርች ሄድን።

አባቴ አሁን አርጅቷል። ልጠይቀው ስሄድ ስለ ደመወዜም ስለ ተማሪዎቼም ያነሳል። ምን እንደማስተምር ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሒሳብ እንደሆነ ያውቃል።