ዱላዬን ይዤ ካዲዝ ድረስ

እኔ ሰይድ፣ የቆቦው፣ ስፔን አይቼ መጥቻለሁ። ያላመነ ዱላዬን ይጠይቅ፣ አብራኝ ነበረች።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም፣ ድንች ልልጥ ነው። አሰብ ያለው አጎቴ መርከብ ላይ የወጥ ቤት ስራ አገኘልኝ። ስነሳ አባቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኝና የወይራ ዱላውን ሰጠኝ። "ስማ፣ የራያ ወንድ ዱላውን ለሰው አያስይዝም። ያለሷ ከመጣህ ቤቴ እንዳትገባ" አለኝ። አባቴ ቀልድ አያውቅም፤ የቤቱን ቀልድ ሁሉ እኔ ነኝ የወሰድኩት።

ኮምቦልቻን አልፈን ወደ አፋር በረሃ ስንወርድ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ዱላዬን ያዘ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሶስተኛ እግሬ ነው፣ ጓድ።"

ሳቀና ለቀቀኝ። የአሰብን ሙቀት አትጠይቁኝ፤ እንኳን ሰው መርከቡም ያልበዋል። ባህሩን ግን አልፈራሁትም። መንገድ ላይ ያስመለሰኝ የድንቹ ሽታ ነው።

ካዲዝ

የስፔኗ ካዲዝ ዙሪያዋን ባህር ነው፤ በአንዲት ቀጭን መሬት ተንጠልጥላ የቀረች የጥንት ከተማ ናት። ቤቱ ነጭ፣ መንገዱ ጠባብ፣ እኛ አገር ዋጃ ገበያ የሚመጡ ግመሎች ሁለት ሆነው ጎን ለጎን አያልፉበትም። ሰዉ በረንዳ ላይ ቆሞ ከጎረቤቱ ጋር ይጯጯሃል። የተጠበሰ አሳ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ ከነአጥንቱ ቆረጣጠምኩት።

አብሮኝ የወረደው የወጥ ቤቱ አለቃ ጋሽ ታደሰ ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው።

"አንተ ባላገር፣ አውሮፓ በዱላ? አዋረድከን እኮ!"

"ጋሼ፣ እርስዎ ከረባት አስረዋል። ከረባት ውሻ ያባርራል?"

የድሮ ነጋዴዎች መርከባቸው መምጣቱን የሚያዩበት ማማ አለ አለኝ። እኛ ቆቦ ማማ የምንሰራው ከማሽላ ላይ ወፍ ለማባረር ነው። እነሱ ለመርከብ! ይሄንማ ማየት አለብኝ።

በሩ ላይ የቆመው ወፍራም ዘበኛ መጀመሪያ ዱላዬን፣ ቀጥሎ ጥጉን አሳየኝ።

"እዛ አስቀምጥ ነው የሚልህ" አለ ጋሽ ታደሰ።

"አላስቀምጥም።"

"ሳታይ ልትመለስ?"

"እኔም አያለሁ፣ ዱላዬም ታያለች።"

ዘበኛው ክንዱን ዘረጋ፣ እኔ ዱላዬን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። ይሄኔ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጣች። ዘበኛው ጎንበስ ብሎ አሳለፋት፤ ምርኩዟን ማን ነክቶት!

ገባኝ። እዛው ፊቱ ማንከስ ጀመርኩ። ወላሂ፣ እንደኔ ያነከሰ የለም! እግሬን አየ፣ ዱላዬን አየ፣ አሳለፈኝ።

ማማው ጫፍ ስደርስ ጣሪያው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበታል፣ መርከባችን እንደ ተጣለ ጫማ ታንሳለች። ዱላዬን ከፍ አድርጌ እንደ ወፍ ጠባቂ "ሆ! ሆ!" ስል ርግቦቹ ብር አሉ። አሮጊቷ አጨበጨበችልኝ። ደስታው ግን አዘናጋኝ፤ በግራ እያነከስኩ ወጥቼ በቀኝ እያነከስኩ ወረድኩ። ዘበኛው ሆዱን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ዱላዬን ግን አልጠየቀኝም።

ቆቦ

ስመለስ አባቴ ሰላም ሳይለኝ ዱላዬን ከላይ እስከ ታች ዳሰሳት። "ግባ" አለኝ። ስለ ስፔን አንድ ቃል አልጠየቀም።

በነጋታው ቀበሌ ተጠራሁ፣ የት ከርመህ መጣህ ሊሉኝ። በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው አብዮት ጥበቃ አብሮ አደጌ አሊ ነው።

"ሰይዶ፣ ዱላዋን ወዲህ በል።"

"መጀመሪያ አንተ ጠመንጃህን አስቀምጥ።"

"ትእዛዝ ነው ስልህ!"

ማንከስ ጀመርኩ።

"አንተ! ትላንት ከአውቶቡስ ዘለህ ስትወርድ አይቼሃለሁ!"

"የመርከብ በሽታ ነው፣ ጓድ። በማግስቱ ነው የሚይዘው።"

አሊ ወደ ውስጥ አየ፣ ወደ ውጭ አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ከዛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "በል እለፍ። ስትወጣ ግን እግር እንዳትቀይር" አለኝ።

"እሱንማ ካዲዝ ተምሬው መጥቻለሁ" አልኩትና በቀኜ እያነከስኩ፣ ዱላዬን ይዤ ገባሁ።