በር ላይ የተማረው ሐኪም

ፊደል የቆጠርኩት ከበሽተኞች ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ሀሁን እስከ መጨረሻው ከማወቄ በፊት «ወባ» የሚለውን ቃል ከሩቅ አይቼ አነብ ነበር። በሶዶው ክሊኒክ የተቀጠርኩት ወለል ልጠርግ ነው፤ ወለሉ ሲደርቅ ካርድ ፈልጌ አወጣለሁ፣ ካርዱ ሲያልቅ ደግሞ ከገጠር የመጣው ሰው በወላይትኛ የሚለውን ለሐኪሙ በአማርኛ እነግራለሁ። ሦስት ሥራ፣ አንድ ሽርጥ።

ሐኪማችን አንድ ብቻ ነበር። ወፈር ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሲናደድ የማይጮኽ፣ መነጽሩን አውልቆ የሚወለውል ሰው። አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ የሕክምና ተማሪ ተላከለት። ሁለት ወር ከሐኪሙ ሥር ሆኖ የአገር ቤት ሰው ማከም ሊማር ነው። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ «ተምሯል» ብሎ ካልፈረመለት ዓመቱን ይደግማል። ይህን የነገረኝ ራሱ ልጁ ነው፤ በመጣ ዕለት፣ ሻንጣውን እንኳ መሬት ሳያስነካ።

ጎበዝ ልጅ ነበር፤ አይካድም። የሰውን አጥንት አንድ በአንድ በስሙ ይጠራል። ጋዋኑን ራሱ አጥቦ ራሱ ይተኩሳል። ማዳመጫውን ከአንገቱ አያወርድም፤ ምሳ ሲበላም ወጡ ውስጥ ሊገባበት ይደርሳል። ችግሩ አንድ ነው። ሰው ገና ደጃፉን ሳያልፍ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ይላል።

በእኛ አገር እንዲህ አይባልም። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቤቱ ይጠየቃል። ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ እንሰቱ፣ ዝናቡ፣ አማቱ። በሽታ እንደ ሙሽራ ነው፤ አጃቢው ሁሉ ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው ብቅ የሚለው።

አንድ ጠዋት ከቦዲቲ በኩል የመጡ ሽማግሌ እያሳሉ ገቡ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለ ተማሪው።

«እኔ? እኔ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«እንዴ! መምጣት ክልክል ነው?» አሉና መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ሳሉ።

ተማሪው ካርዱ ላይ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ወጥተው በር ላይ ያዙኝ። ቤቴን ጠየቁኝ፣ ቤታቸውን ጠየቅኳቸው፤ ላማቸው ወልዳለች፣ አማታቸው አሁንም አልሞቱም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደረታቸውን ከበልግ ጀምሮ እንደሚወጋቸው ነገሩኝ። እኔም ካርዱን ይዤ ተመልሼ ገባሁ።

እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም፣ ወራቱ ሲገፋ፣ ሐኪሙ አንድ ቀን መነጽሩን አወለቀ።

«ጋዋንህን አውልቅ» አለው። «ማዳመጫውንም። ከነገ ጀምሮ በር ላይ ከእሷ ጋር ትቀመጣለህ።»

«ከእትዬ ጋር? ምን ልሠራ?»

«ልትማር ነዋ! እኔም እዚህ አገር ስመጣ እዚያው በር ላይ ነው የተማርኩት። ሳትጠይቀው በሽታውን በገዛ አፉ የሚነግርህ አንድ ሰው አምጣልኝ፤ ያኔ እፈርማለሁ። አንድ ብቻ።»

ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ የቀረው ዐሥር ቀን ነበር።

በማግስቱ ተማሪዬን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩትና ትምህርት ጀመርን።

«እኔ ከቢጠና የመጣሁ ገበሬ ነኝ እንበል። ጠይቀኝ።»

«እንደምን አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ቤት ደህና ነው?»

«ደህና።»

«ከብቶቹ?»

«ደህና።»

«እንሰቱ?»

«ደህና።»

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ቸኮልክ! አማቴን አልጠየቅከኝም።»

«እትዬ ሙች፣ አማትሽን የት አውቃቸዋለሁ?»

«እኔስ የት አውቃቸዋለሁ? ገና መች አገባሁና!»

በአራተኛው ቀን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። አንዱን ገበሬ ስለ ከብቶቹ ብዛት፣ ዕድሜ፣ ቀለም ሳይቀር ጠየቀው። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ «ይህ ልጅ ግብር ሰብሳቢ ነው እንዴ?» አለኝ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ «አንዲት ላም ብቻ ናት ያለችኝ፣ እሷም ደረቅ ናት» ብሎ በሽታውን እንደያዘ ወደ መጣበት ተመለሰ። እስከ መንገዱ ድረስ ተከትዬ መለስኩት።

«ትጠይቃለህ እንጂ አትሰማም» አልኩት ተማሪዬን። «ሰውየው ሲያወራ ዓይንህ ጉሮሮው ላይ ነው።»

«ጉሮሮው አብጧል እኮ፣ እትዬ!»

«አብጧል። እሱም ያውቃል። እስኪነግርህ ጠብቅ።»

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው የገበያ ቀን ዋለ። ተማሪዬ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ፤ ላብ ላብ ይለዋል። ምን ሆንክ ስለው «ደህና ነኝ» አለኝ። ስለ ወረቀቱ ተጨንቆ ነው ብዬ ተውኩት።

ከቦምቤ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ገበያ ከመግባታቸው በፊት እኛ በር ላይ አረፍ ይላሉ። ሁለት ገበያ ከእሳቸው ገዝቻለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በሁለት እጅ መስጠት ወግ በሆነበት አገር፣ እኚህ ሴት ቅቤውን በአንድ እጃቸው ነው የሚያቀብሉኝ።

ያን ቀን ከተማሪዬ አጠገብ ተቀመጡ። መጠየቅ የነበረበት እሱ ነው፤ ግን ቃል የሚያወጣበት አቅም አልነበረውም። እሳቸው በወላይትኛ ሰላም ብለው በተሰባበረ የገበያ አማርኛቸው ቀጠሉ።

«ሳሮ፣ ልጄ። እናትህ ደህና ነው?»

«ደህና ናት።»

«አባትህስ?»

«ደህና ነው።»

«አገርህ ዝናብ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

«እናትህ ላም ስንት አለው?»

«ላም የለንም። ቤታችን ከተማ ውስጥ ነው።»

«ውይ! ላም የለም? ወተት ማን ሰጥቶህ አደግህ ታዲያ?» አሉና ጉንጩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱት።

በዚህ ጊዜ ተማሪዬ ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«እማማ፣ ሆዴን ከቆረጠኝ ሦስት ቀኔ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚያቃጥል ዳጣ ጋበዙኝ፤ እምቢ ማለት አፈርኩ። አሁን ደግሞ ለሐኪሙ መንገር አፈርኩ። ሐኪም ልሆን የመጣሁ ሰው...»

አሮጊቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲበቃቸው ኩታቸውን ከግራ ትከሻቸው ሸሸት አደረጉ።

«እኔም፣ ልጄ፣ እዚህ አለ» አሉ።

ብብታቸው ሥር የዶሮ እንቁላል የሚያህል እባጭ ቀልቶ ይታያል። ለካ ግራ እጃቸውን ማንሳት አይችሉም ነበር። እኔ መምህርቷ ሁለት ገበያ ሙሉ ቅቤውን አሽትቼ፣ ባለቅቤዋን በሆዴ ተቀይሜ፣ ምንም ሳላይ!

ተማሪዬ ሆዱን ረስቶ ብድግ አለ። «ሳልጠይቃቸው! እትዬ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ!» እያለ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሮጠ። ቅቤውን አንስቶ ሮጠ እንጂ አሮጊቷን እዚያው ትቷቸዋል፤ ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

ሐኪሙ እባጩን ተማሪው ራሱ እንዲከፍተው አደረገ። አሮጊቷ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ በመሀል በመሀል ስለ እናቱ ይጠይቁት ነበር። ፋሻው ከታሰረ በኋላ ልጁ የሆነውን ሁሉ፣ የሆዱንም ጭምር፣ አንድ ሳያስቀር ተናገረ።

«ቆይ» አለ ሐኪሙ። «ማን ነው ሳይጠየቅ በሽታውን ቀድሞ የተናገረው?»

«እኔ» አለ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ወረቀቱ የሚገባው ለእማማ ነው!» አለና ሐኪማችን ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። መነጽሩን ሳያወልቅ ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ ዘረጋው፤ «አስተማሪዋም ትፈርም።»

ስሜን ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም። ከካርድ የለመድኳቸውን ፊደሎች እየለቀምኩ ጻፍኩ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ወደ ታች ተንሸራተተች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከልጁ የሕክምና ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ላይ «ለዶክተር» ተብሎ የእኔ ስም ተጽፏል። ስለ ተማሪው ችሎታ አጭር አስተያየት እንድሰጥ ይጠይቃል። ሐኪሙ አንብቦ አቀበለኝ።

«ለአንቺ ነው። መልሺላቸው።»

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጤናቸውን፣ ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ከብት ካላቸውም ከብቶቻቸውን፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ጠየቅኩ። ቦታው ሲያልቅብኝ ከታች ጥጉ ላይ «ልጁ ደህና ሐኪም ይወጣዋል፤ ጥሬ ሥጋ ብቻ አታብሉት» ብዬ ጨረስኩ።

ሐኪሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው። የፊደል ስሕተቴን አንዱንም አልነካም።

«አማቶቻቸውን ረስተሻል» አለኝ።