ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በአቋራጭ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አንገቴ ላይ ፊሽካ፣ እጄ ላይ ባንዲራ፣ እግሬ ላይ ገና ያልለመደኝ አዲስ ጫማ ነበር። ጊዜው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና በመገንባት ላይ የነበረበት ነው። ሠላሳ ምዕመናን ይዤ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ከእንጅባራ በእግር ወደ ዘጌ ልወርድ ነው፤ የአምስት ቀን መንገድ። የአስጎብኚነት ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት ስለያዝኩ ከእኔ በላይ መሪ ያለ አይመስለኝም።

የጉዞ ማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ መንግሥቱ መንገዱን አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። ደጋግሜ እንደሄድኩበት ነገርኳቸው። አልዋሸሁም፤ በሚኒባስ፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ፣ አብዛኛውን ተኝቼ ሄጃለሁ።

ሥራዬ መንገድ መምራት፣ ማደሪያ ማስፈቀድና የምናልፋቸውን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ መንገር ነበር። ለታሪኩ አንድ ዘዴ ነበረችኝ። መቼ እንደተተከለ የማላውቀውን ደብር ሁሉ «በመካከለኛው ዘመን» እላለሁ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ይህንኑ ሳስረዳ የደብሩ ቄስ ፈገግ አሉ። ድንጋዩን ያቀረቡት አባታቸው እንደሆኑ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ጭቃውን እንደረገጡ ነገሩን። እኔ ፊሽካዬን ነፋሁና ጉዞ ቀጠልን።

አዲስ ቅዳም ሳንደርስ አስፋልቱን ትቼ በአቋራጭ አስገባኋቸው። አገሩ ለከሰል የሚተከል፣ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ብቻ ነው፤ ዛፉ ሁሉ በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል። ለሰዓታት ሄድን። ኔትዎርክ የለም። ውኃም አለቀ።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ተዋበች ነበሩ። ልጃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ስትወልድላቸው በእግራቸው ሄደው ሊሳለሙ የተሳሉ ናቸው። ከአንድ የከሰል ክምር አጠገብ ቁጭ አሉና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህን ክምር ስንተኛ ጊዜ አየነው?»

«ይመስልዎታል እንጂ ሌላ ነው፣ እማማ።»

«ሰውየውም ይመስለኛል እንጂ ሌላ ነው?» አሉ፣ ከሰል የሚያከስለውን ገበሬ በምርኩዛቸው እያሳዩኝ። ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ሰላም አለን።

መንገዱን እንደማላውቀው ተናገርኩ። የሰማኝ የለም፤ ደግሜ ተናገርኩ። እማማ ሳይቆጡ ገበሬውን በአገውኛ ጠየቁት። ሥራውን ትቶ እስከ አስፋልቱ አደረሰን።

ግን ቀኑ ባከነ፣ የእማማም ቁርጭምጭሚት አበጠ። በመኪና ቀድመው ዳንግላ ላይ የጠበቁን አቶ መንግሥቱ በዓሉ እንዳያመልጠን ሁሉም ሰው በመኪና እንዲሄድ ወሰኑ። እማማን እንዳሳፍራቸው አዘዙኝ።

«በእግሬ ብዬ ነው የተሳልኩት» አሉ እማማ። «በዓሉ ካለፈም ይለፍ፤ እመቤቴ የትም አትሄድብኝም።»

አቶ መንግሥቱ እኔን ግባ አሉኝ። እውነቱን ለመናገር መግባት አምሮኝ ነበር፤ ጫማው ተረከዜን ጨርሶታል። ግን እኒህን ሴትዮ ጫካ ውስጥ ያዞርኩ እኔ ነኝ። አፈርኩ ማለት አቃተኝና የመኪናውን በር ከውጭ ዘጋሁት።

እማማን እየደገፍኩ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ከመራዊ በኋላ ግን ጫማውን አንጠልጥሎ የሚያነክሰው እኔ፣ ቆመው የሚጠብቁኝ እሳቸው ሆኑ። በሶ በጥብጠው ያጠጡኝም እሳቸው ናቸው።

ዑራ የደረስነው በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ነው። ግቢው ተጠርጎ ጭር ብሏል። እማማ ደጃፉ ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ። ሲነሱ እጄን ያዙና «አደረስከኝ» አሉኝ። ማን ማንን እንዳደረሰ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ጉዞ መሪነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ከሰልፉ ኋላ እንድሄድ ተመደብኩ። ቅጣት ነበር። ሥራውን እስክተው ድረስ እዚያው ቆየሁ፤ ወደ ፊት እንድመለስ ሲጠይቁኝም እምቢ አልኩ። ማን እንደሚያነክስ፣ ውኃ ማን እንደጨረሰ የሚታየው ከኋላ ነው። የእግር ጉዞ የሚሄደው በመጨረሻው ሰው እርምጃ ልክ ነው።