የፍሬን ሸራው ዓምድ

የአውቶቡስ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሪፖርት ሠሪ የዋናውን መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሰብራ ገባች ተብሎ ተወራ። ወሬ መቼም እግር እንጂ ዓይን የለው፤ ከጋራዡ ተነሥቶ ስምሪት ክፍል ሲደርስ "ፖሊስ ሊይዛት ነው" ሆኖ ነበር።

ሰበረች ከተባለ የሰበረችው የስምሪት ኃላፊውን ኩራት ነው፤ እሱንም ጫፉን ብቻ።

ሠንጠረዡ ከዋናው መሥሪያ ቤት በቀጥታ ይመጣል፤ እዚያ ቁጥር ሲለወጥ እዚህ ስክሪኗ ላይ ይለወጣል። የየአውቶቡሱ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር አለ፤ ዛሬ ስንት እንደደረሰም አለ። አንዱን ከሌላው የሚቀንስ ግን የለም። እሷ የፈለገችው ያቺን አንዲት ዓምድ ነው፤ ሸራው ከተቀየረ ወዲህ የተሄደውን ኪሎ ሜትር የምታሳይ። ሠላሳ አንድ ቁጥር አውቶቡስን የምትነዳው ታላቅ እህቷ ናት፤ ሰሞኑን "ፍሬን ስይዝ ያፏጫል" ብላታለች።

"አዲስ ዓምድ" የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን አላት። በየጠዋቱ ወደ ኤክሴል ገልብጣ ብትቀንስም፣ እስክትጨርስ አውቶቡሶቹ ወጥተዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች።

"እህቴ፣ በቀጥታ በተያያዘ ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ አይጨመርም" አላት የዚያው የኮምፒውተር ባለሙያ።

"እናንተ ጨምሩልኛ።"

"ደብዳቤ ጻፊ።"

አምስት ጻፈች። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

እናቷ "ይቺ ልጅ በር ቢዘጉባት በመስኮት፣ መስኮት ቢዘጉባት ደጅ ቁጭ ብላ ባለቤቱን ታሰለቻለች" ይሏት ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓቷ የፕሮግራሙን መመሪያ ፊደል በፊደል ለቀመችው። መላው እዚያው ነበር፦ ፕሮግራሙ "ግንኙነቱ ይለወጥ?" ብሎ ሲጠይቃት እሺ ካለች፣ ሠንጠረዡ ከምንጩ እንደተያያዘ ይቆያል፣ ዓምዱ ግን እሷው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ቁጥር እንኳ አትነካም።

ሰኞ ጠዋት ሸራቸው ከተፈቀደው ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ዘጠኝ አውቶቡሶች ስክሪኗ ላይ ቀይ ሆነው ታዩ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር ሦስተኛው ነው። ዝርዝሩን አትማ ሾፌሮቹ ቁልፍ ወደሚረከቡበት ክፍል ሮጠች።

"ማን ፈቀደልሽ?" አሏት የስምሪት ኃላፊው።

"ፕሮግራሙ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት።"

"ዘጠኝ አውቶቡስ አቁሜ ሕዝቡን በጀርባዬ ላመላልሰው?"

ሾፌሮቹ ሳቁ። እህቷ አልሳቀችም፤ የተረከበችውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ መለሰች። "እኔ መካኒኩ ሳያየው አልወጣም።"

መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ተመለሰ። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን ይፍቅ ነበር።

"ቢሆንም" አሉ ኃላፊው፣ "ያለ ፈቃድ የገባ ዓምድ ነው።"

"እሺ ጋሼ፣ አጠፋዋለሁ" አለች ሪፖርት ሠሪዋ። "ግን ከነገ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሾፌር ቁልፍ ሲሰጡ፣ 'ሸራው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ማወቅ አልፈለግኩም' ብለው ይስጡት።"