ነጠላ የለበሰው በርሜል

ዛሬም ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከውጭ የቧንቧ ውሃ ሲንፎለፎል ከሰማሁ ንግግሬ ይቋረጣል። ተማሪዎቼ ለምደውታል፤ "መምህሯን ውሃው ጠራት" ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔን የሚጠራኝ በጓሯችን ይሄድ የነበረው የወንድሜ ውሃ ነው።

ወንድሜ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሥራ ያጣ ልጅ ነበር። አርብ ገበያ ከተማ ካለው ቤታችን ጓሮ ረጃጅም የፕላስቲክ ቱቦዎችን በእንጨት ላይ ደረደረ፤ ቱቦዎቹን በሳስቶ በየቀዳዳው ሰላጣና ቆስጣ ተከለ። አፈር የሚባል ነገር የለም። ማዳበሪያ የሟሟበት ውሃ ከነጭ በርሜል በትንሽ ፓምፕ ተስቦ በቱቦዎቹ ያልፋል፤ ሥሮቹን አርሶ ተመልሶ በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገው። ዕድሜውን ገብስና ስንዴ ሲያርስ የኖረ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ "ያለ በሬ፣ ያለ ሞፈር! አንተ ልጅ፣ ይህን የበላ ሰው ሆዱ በምን ይረጋል?" ይለው ነበር። ሰላጣው ግን በየሆቴሉ ይፈለግ ነበር።

መስከረም ላይ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሊወርድ ሲነሳ ያስጠነቀቀን በጥቁር ላስቲክ ስለጠቀለለው በርሜል ነው። "ጥቁሩን ላስቲክ እንዳታነሱት። ብርሃን ውሃው ውስጥ ከገባ አልጌ፣ ያ አረንጓዴ የውሃ ልጋግ፣ ይበቅላል፤ አልጌ ከበቀለ አለቀልን።" እኔ ንዴቴ ቅርብ ነውና "ለሰላጣህ የምታዝነውን ያህል ለእናትህ ብታዝን ምናለ" አልኩት። ሳቀና ቦርሳውን አንግቶ ሄደ።

እኔ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከውሃው ድምፅ ጋር የምትውለው እናቴ ናት። መጀመሪያ ይደውልልን ነበር። ከዚያ ስልኩ ጥሪ አልቀበልም አለ። አጨዳው አልቆ አብረውት የወረዱት ሁሉ ተመለሱ፤ በሌላ መኪና ወጥቷል ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ ውሃው በተንፎለፎለ ቁጥር "እሱ ነው፤ አለሁ እያለን ነው" ትለኝ ጀመር። 

አንድ አርብ ከስማዳ በኩል ለገበያ የመጣች ሴት አህያዋን ከደጃችን አስራ ውሃ ልትጠጣ ገባች። ጓሮ ውስጥ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ የቆመውን ነገር አየችና የማን እንደሆነ ጠየቀች። እናቴም የልጇ እንደሆነ፣ እሱም ቆላ ወርዶ ድምፁ እንደጠፋ ነገረቻት። ሴትየዋ ጥቁሩን ደግማ አየችው፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ "እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ" ብላ አህያዋን እየነዳች ሄደች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ላስቲኩ የለም። የእናቴ የቤተ ክርስቲያን ነጠላ በርሜሉ ላይ ተጣጥፎ ተጠምጥሟል።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ልጄን በሕይወት እያለ ማቅ አልብሰን አቁመነው ኖሯል። ነጭ ይልበስ።"

"ላስቲክ እኮ ነው! ራሱ ነው ያለበሰው!"

"እንግዲያ በራሱ ላይ ያሟረተው ራሱ ነዋ" አለችኝ።

ብርሃኑ በነጠላው አልፎ ገባ። መጀመሪያ በበርሜሉ ጠርዝ ላይ ስስ አረንጓዴ መስመር ወጣ፤ ጣቴን ሳስነካው ያሟልጫል። ሰንበትበት ሲል ውሃው ራሱ የጎመን ቅቅል ውሃ መሰለ። አልጌ ለተክሉ የተሟሟውን ምግብ ቀድሞ ይበላል፤ ሲሞትም እየበሰበሰ ሥሩ የሚተነፍሰውን አየር ይጨርሳል። ይህን ወንድሜ ስንት ጊዜ አስረድቶኛል፤ እኔም ስንት ጊዜ እያዛጋሁ ሰምቼዋለሁ። ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ገረጡ። ትንንሽ ዝንቦች ቱቦዎቹ ላይ ሰፈሩ። የረግረግ ሽታ ቤት ድረስ ገባ፤ እናቴ ግን ሲሸታት "ዝናብ ሊመጣ ነው" ትላለች፣ በጥር ፀሐይ።

ጠዋት ጥቁሩን አለብሰዋለሁ፤ ስመለስ ነጭ ለብሶ ይጠብቀኛል። ውሃውን ደፍቼ በርሜሉን ልፈግፍገው ብላት "እጁ የበጠበጠውን ውሃ አትደፊም" ብላ ፊቱ ቆመች። ውሃውን እኛው ስንት ጊዜ እንደጨመርንበት ብነግራትም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። በመጨረሻ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ጭቃና እበት ለውሼ በርሜሉን እንደ ጎታ መረግሁት። ጥቁርም አይደል፣ ነጭም አይደል። ወጥታ አየችው።

"መቃብር አስመሰልሽው" አለችና በጥፍሯ ትፍቀው ያዘች።

ያን ቀን ጮህኩባት። "ሞቶ ቢሆንስ?" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔኑ አስደነገጠኝ። እናቴ ቀና ብላ ሳታየኝ መፋቋን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ውስጥ የተማሪ ደብተር ሳርም ከጓሮ ሳል ሰማሁ። የወንድሜ ሳል ነው። ሊናገር ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግባት ነገር አለችው፤ አጠር አጠር ብላ ትጀምርና መጨረሻዋ ይረዝማል። ደብተሩ ከእጄ ወደቀ። ጫማዬን ሳላጠልቅ ሮጬ ወጣሁ፤ እናቴም ከማድቤት በኩል እየሮጠች ደረሰች። ማንም የለም። አልጌው እንደ ፀጉር ተገምዶ የፓምፑን አፍ ወትፎታል፤ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው የሚያስለው። ምክንያቱ ገባኝ፤ ዓይኔ ግን አሁንም በአጥሩ ዙሪያ ይፈልገው ነበር። ከእናቴ ጋር ተያየን።  ፓምፑ አንዴ ሳለና ቆመ።

ጓሮው እንዲያ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ወደ ቱቦው ሄዳ አንዱን ሰላጣ ሳብ አደረገችው። የመሀሉ ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። ሥሩ ግን ቡናማ ልጋግ ሆኖ በጣቶቿ መሀል ተዝለግልጎ ወረደ። አሸተተችው። ገበሬ ያሳደጋት ሴት ናት፤ የበሰበሰ ሥር ታውቃለች።

"ይህ እኮ ከሞተ ከርሟል" አለች። "ቅጠሉ መርዶ አልደረሰውም እንጂ።"

"እማ፣ ፓምፑን ላጽዳው። ዘር አለን፣ እንደገና እንተክላለን።"

እናቴ የጎደለውን በርሜል በሁለት እጇ ገፍታ ገለበጠችው፤ አረንጓዴው ውሃ ጓሮውን አጥለቅልቆ ወደ አጥሩ ሄደ። ከዚያ ገብታ አባታችን የሞተ ጊዜ የለበሰችውን ቀሚስ ከሳጥን አወጣች።

"ለነፍስ አባታችን ንገሪልኝ" አለች። "ፍታት ይደረግለት። ሂጂ፣ ጎረቤት ሳልጠራ ድረሺ።"

ሞቶ ቢሆንስ ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። 

የነፍስ አባታችንን ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም?"

"ስለ ወንድሜ ነው፣ አባ። ስሙን በጸሎት እንዲያነሱልን ነው።"

የክርስትና ስሙን ነገርኳቸው። መንገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ያጠመቁት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል።

"ከየትኞቹ ጋር ላንሳው ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ከሕያዋን ነው ከሙታን?"

እናቴ ጥቁሩን ለብሳ ከደጃፍ ተቀምጣ መልሴን እንደምትጠብቅ አውቃለሁ።

"ከሕያዋን" አልኳቸው።