የማንጠግቦሽ የጆንያ ድንች

ማንጠግቦሽ ወደ ሰፈራችን የመጣችው የዛሬ ስድስት ዓመት ከይጁቤ ነው። ባሏ ሲሞት መሬቷን ለወንድሟ በእኩል እንዲያርስ ሰጥታ፣ ልጇን እድላዊትን ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ ብላ፣ አንድ ሣጥንና ሁለት ድስት ይዛ ገባች። የተከራየችው የጎረቤቴን የስሜነሽን የጓሮ ክፍል ነው። የስሜነሽን ግቢና የእኔን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር መሃሉ ላይ ስለተገነጠለ እነሱ የሚሠሩትን እኔ አያለሁ፤ እኔ የምሠራውንም እነሱ ያያሉ።

ረጅምና ቀጭን ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም። ለሰው በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ የሽሮ እህል ትለቅማለች፣ ለድግስ ስትጠራ ሽንኩርት ትከትፋለች። በዚሁ ልጇን አስተምራ ዩኒቨርሲቲ አስገብታለች። አንድ ነገር ብቻ ሊለመድላት አልቻለም፤ የምትቆፍረው መሬት ማጣቱ። የስሜነሽ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ በአጥሩ ሥር ብቻ አንድ አጎዛ የምታህል አፈር አለች።

«እማማ ታየች፣ እኔኮ ስድስት ዓመት ኖሬም እንግዳ እንግዳ ይለኛል» ትለኝ ነበር፤ «ገበሬ ሲሚንቶ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይለመዳል ልጄ» እላታለሁ። ያኔ እወዳት ነበር። አሁንም አልጠላትም።

የሰፈራችንን ልማድ መናገር አለብኝ። ፍልሰታ ሲገባ ሱባኤ የሚይዙ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባሉት ጎጆዎች ይቀመጣሉ። የሰንበቴያችን ሴቶች በጾሙ መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሚቀመስ ነገር እናደርስላቸዋለን። በዚያ ጊዜ የብዙው ሰው ድንች ገና የእርግብ እንቁላል ስለሚያህል ቆሎና የተነከረ ሽምብራ ነው የሚመጣው። አዲስ ድንች ቀድሞ የደረሰለት ሰው ግን ቀቅሎ በሰፌድ ያቀርባል፤ ይህም በኩራት ይባላል። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት አለቃችን አቶ ታረቀኝ፣ ሰፌዱን ተቀብሎ ከፍ ያደርግና «በኩራቱ ከእማማ ታየች ጓሮ» ይላል። ሕዝቡም «ዕድሜ ይስጥልን» ይላል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ነበር።

ይህ ትልቅ ነገር አይደለም የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ለእኔ ግን ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼ ሩቅ ናቸው። ከሰው ፊት መናገር ስለማልችል ማኅበር ላይም ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው። ስሜ ጮክ ተብሎ የሚጠራው በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያች እሑድ ነበር።

የእኔ አተካከል አባቴ ያሳየኝ ነው። በልደታ ማግስት፣ ግንቦት ሁለት ቀን፣ በስድስት መደብ እተክላለሁ። ከሥሩ የደረቀ ፍግ አደርጋለሁ። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲያብብ ሌላ ጊዜ አፈር አስታቅፈዋለሁ። ከታችኛው መደብ ሥር ቦይ እቀድዳለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ሐምሌ ውሃ ተኝቶበት መደቡ በሙሉ በስብሶ፣ ሽታው እስከ መኝታ ቤቴ ገብቶ ያውቃል። ድንች ጥሙን ይችላል፤ ውሃ ውስጥ መቆምን ግን አይችልም።

አምና በሚያዝያ ማንጠግቦሽ ስልኳን ይዛ መጣች። እድላዊት የላከችላትን አሳየችኝ፤ ሰዎች በጆንያ፣ በአሮጌ ጎማ፣ በጭድ ውስጥ ድንች ሲያበቅሉ።

«መሬት ካጣሁ መሬቱን ከረጢት ውስጥ አስገባዋለሁ» አለች። «ዘር ግን የለኝም።»

ከእኔው ዘር አንድ ሰፌድ ሙሉ ሰጠኋት። ብርሃን በሚገባበት ቆጥ ላይ አስቀምጬ አረንጓዴ ያደረግኩት፣ ዓይኑ ሁሉ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣ ነበር። ስሰጣት እያዘንኩላት ነበር። ለጆንያ ድንች ማን ይቀናል?

ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት ተከለች። ከእኔ ዘጠኝ ቀን ቀደመች፤ በጄሪካን ውሃ እያጠጣች ዝናብ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ሰባት የማዳበሪያ ከረጢት አፋቸውን ወደ ውጭ ጠቅልላ ግማሽ ድረስ አፈርና ፍግ ሞላች፤ ተክሉ ከፍ ባለ ቁጥር ጠርዙን አንድ እጥፍ ትፈታና አፈር ትጨምራለች። ሦስት ጎማ ደረደረች። በአጥሩ ሥር ባለችው አፈር ላይ ደግሞ ሳትቆፍር ዘሩን አስቀምጣ የጤፍ ጭድ አለበሰችው። ጭዱን የስሜነሽ ዶሮዎች ጭረው ስለበተኑት ድንቹ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ ሆነ፤ እሱን ጣለችው። እኔም በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁና ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ አስደነገጠኝ።

ጆንያዎቹ ግን ጉድ ሆኑ። በሰኔ መጀመሪያ ቅጠላቸው ከጆንያው አፍ አልፎ ወጥቶ ነበር፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ጎመን የወፈረ። የእኔ ገና አፈር ስንጥቅ እያደረገ ነበር። ጧት ተነሥቼ ፊቴን ሳልታጠብ ቀዳዳው ጋ እቆማለሁ። አበባቸውን እቆጥራለሁ። ዘሩ የእኔ ነው እላለሁ በሆዴ፤ ፍጉም ከእኔ በረት ነው የሄደው።

ስሜነሽ ምላሷ ስለት ነው፤ ነገሩ ገብቷታል።

«እማማ ታየች» አለችኝ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ፣ «ዘንድሮ ሙሴው በማን ስም አፉን እንደሚያሟሽ ያውቃሉ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በኩራት ከሲሚንቶ ላይ ሲወጣ ስሜነሽ ሳታርስ አፈሰች ይባልልኛል።»

ሳቅሁ። ገብቼ የበሩን መስታወት ሁለት ጊዜ ወለወልኩት።

በሰኔ ሚካኤል ማንጠግቦሽ ጠራችኝ። ዝናቡ ገብቷል። «እስኪ ይዩልኝ፤ ሁሉንም ከስልክ ነው ያደረግኩት። የጎደለ ነገር ካለ ከእርስዎ ሌላ ማን ይነግረኛል?»

በሰባቱም ጆንያ ዙሪያ ዞርኩ። በሦስተኛው ጠርዝ ላይ የውስጡ ላስቲክ ብቅ ብሎ አየሁት። የማዳበሪያ ከረጢት ውስጡ ሌላ ላስቲክ አለው፤ እሱን አላወጣችውም። በግንቦት ፀሐይ ውሃው እንዳይደርቅባት ብላ ነው፤ ያኔም ጠቅሟታል፤ ለዚህ ነው እንዲያ የፋፉት። ከሥሩ ግን አንድም ቀዳዳ የለውም። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ጆንያ ሳይሆን ጋን ነው የሚሆነው።

ይህ ሁሉ ወዲያው ታየኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ደህና ነው ልጄ» አልኳት። «ያማረ ነው።»

ጉልበቴን ሳመችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ለማንም አልተናገርኩም። ዝናቡ ሲበረታ እሰማለሁ። አንዳንዴ ይበርታ እላለሁ፤ አንዳንዴ አማትቤ ያባራ እላለሁ። በሐምሌ አጋማሽ በአንዱ ሰንበት ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው ሲጠይቋት ሰማኋት።

«ዝናቡ አያበላሽብሽም?» አለቻት አንዷ።

«ምን ያበላሸዋል? እማማ ታየች ዞረው አይተውልኛል። ደህና ነው ብለውኛል።»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። አንገቴን ደፋሁ። ሁልጊዜም ስለምደፋ ማንም ልብ አላለም።

ያን ሳምንት የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። በቀዳዳው አየሁት። ሁለት ነገር አብሮ ተሰማኝ፤ እሰይ የሚልና ምነው በነገርኳት የሚል። ስሜን አስይዛለች። ቢበሰብስ የኔ ቃል ነው የሚበሰብሰው። ከዚያ ያደረግኩትን ለእሷ ብቻ ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ለእሷም ነበር፣ ለስሜም ነበር።

በሐምሌ ገብርኤል ስሜነሽም ማንጠግቦሽም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ እግሬን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ስፌት የምሰፋበትን ወስፌ ይዤ ወደ ግቢያቸው ገባሁ። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ጆንያ ከሥሩ ወጋሁት። ጥቁር ውሃ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የሚሸት። ሁለተኛውን ወጋሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ከኋላዬ የበሩ ድምፅ ተሰማኝ።

«እማማ?»

ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። እኔ ተንበርክኬ፣ እጄ ላይ ወስፌ፣ ጆንያዋን እየወጋሁ። ምን እንደምትለኝ ጠበቅሁ። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ በሲሚንቶው ላይ የሚሄደውን ውሃ አየች። ቀርባ በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

«ውሃ ይዞ ነበር?»

«ላስቲኩ» አልኳት። «የውስጡ ላስቲክ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

እዚህ ላይ አሁን ነው ማለት እችል ነበር። ታምነኝም ነበር።

«በሰኔ ሚካኤል። ስታሳዪኝ።»

ከዚያ እጇን ዘረጋችና ወስፌውን ተቀበለችኝ። የቀሩትን ሦስቱን ራሷ ወጋቻቸው፤ በኃይል፣ አንዱን ጆንያ ስድስት ሰባት ጊዜ። እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትጨርስ ወስፌውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝ።

«እግሬን አሞኛል ብለዋል፤ ይግቡ፣ ይረፉ» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ከሰባቱ አራቱ በስብሰው ነበር። ሦስቱና ጎማዎቹ ተረፉ። በፍልሰታ መጀመሪያ ቅዳሜ ጆንያውን በአንድ አንሶላ ላይ ገልብጣ ስታፈስስ አየሁ፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ቡጢ የሚያክል ድንች፣ ዶማ ያልነካው። ያን ዕለት እኔም ከላይኛው መደብ አንድ ሥር ነቀልኩ። የእኔ ቆዳው በአውራ ጣት ሲታሽ ይላጣል፤ ሳምንት ይቀረው ነበር።

እሑድ ዕለት የገብስ ቆሎ ይዤ ከኋላ ገባሁ።

«እማማ ታየች፣ ዘንድሮ ቆሎ ነው?» አለኝ አቶ ታረቀኝ።

«ቆሎ ነው።»

ማንጠግቦሽ ሰፌዷን አቀረበች። አቶ ታረቀኝ ከፍ አደረገና «በኩራቱ ከማንጠግቦሽ፣ ከይጁቤዋ» አለ። ሕዝቡ ዕድሜ ይስጥልን አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። ሙሴው እንዴት አድርጋ በሲሚንቶ ላይ እንዳበቀለችው ጠየቃት። አሁን ሁሉን ትናገራለች ብዬ መቀነቴን ጨበጥኩ።

«ዘሩን እማማ ታየች ናቸው የሰጡኝ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ብትናገርብኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁንም ጎረቤታሞች ነን። ታማ ስትተኛ ሾርባ ወስጄላታለሁ፤ ስታመም እሷም ታመጣልኛለች። ጧት «እንዴት አደሩ» ትለኛለች። የተከለችውን እንዳይላት ግን አልጠራችኝም። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጆንያ አላት፤ ቅናቴም አልበረደም፤ ቀዳዳው ጋ አሁንም እቆማለሁ።

በዚህ ሚያዝያ ስትተክል አይቼ፣ ሳትጠራኝ ገባሁ። ዘሩ በጨለማ ከርሞ ነበር፤ ቡቃያው ነጭና ቀጭን ሆኖ ገና አልጠነከረም።

«ሳምንት ብርሃን ላይ አቆዪው ልጄ» አልኳት። «እንዲህ ከተከልሽው ይሰበራል።»

«እሺ እማማ» አለችኝ በትሕትና። አንዱን ድንች አንሥታ ወደ ፀሐይ ያዘችው፤ አገላብጣ ዓይኑን አንድ በአንድ ራሷ አየች። ከዚያ ጆንያው ውስጥ አስቀምጣ አፈር አለበሰችው፤ ሌላውንም አነሣች።

የዚህን ጊዜ ግን እውነቴን ነበር።